የማን ልጅ ነህ?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኘት በዓል ላይ ደብረ ብርሃን የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ ሲዘጋጅ በጥቂቱ ታርሟል።)

ጋቢ ያልያዘ ሰው ካለ ከአሁኑ ይናገር። ደብረ ብርሃን ፀሐይ ስትጠልቅ «ፕሮፌሰር ነህ፣ ዳይሬክተር ነህ» አትልም።

አዘጋጅ ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንድናገር ነበር። ዕድሜያችን እዚያ ደርሷል መሰለኝ። ግፊታችሁን ግን ከምሳ በኋላ እለካላችኋለሁ። አሁን የማወራችሁ ስለ አንድ የሕመምተኛ ካርድ ነው። በዚያ ካርድ ላይ ሁለት ቃል ጻፍኩ፤ ሁለቱ ቃላት አንዲትን ሴት ከአባቷ ቤት ሊያስወጧት ምንም አልቀራቸውም ነበር። በዚያ ምክንያት ወራሽ ስላልቀረበለት ንብረትና ስለ ዘር ቆጠራ ለመማር ተገደድኩ። የሕግ ሰው አይደለሁም። እዚህ ያላችሁ የሕግ ምሩቃን ስሳሳት አርሙኝ፤ እኛም እናንተ በየፌስቡኩ መድኃኒት ስታዙ እናርማችኋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንድ አዛውንት በጎረቤቶቻቸው ተደግፈው መጡ። ልባቸው ደክሟል፤ እግራቸው አብጧል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል። የሚደረገውን አደረግንላቸው። ትንሽ ሲረጋጉ ካርዳቸውን ልሞላ ተቀመጥኩና «አባባ፣ ቤተሰብ አለዎት?» አልኳቸው። «የሚመጣ የለኝም ልጄ» አሉኝ። ሌሊቱ ገፍቷል፣ ሌላ ሕመምተኛ በር ላይ ይጠብቃል። እኔም በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጻፍኩ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቤተሰብ የለውም» ማለት ነው።

«የሚመጣ የለኝም» እና «ቤተሰብ የለኝም» አንድ አይደሉም። አሁን ሳስበው ልጅ እንኳ ይለያቸዋል። ያን ሌሊት እኔ አልለየኋቸውም።

በአራተኛው ቀን ዐረፉ። እድራቸው አንሥቶ በክብር ቀበራቸው። የተዉት ብዙ አልነበረም፤ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነይዞታ ወረቀቱ፣ አንድ የባንክ ደብተር፣ አንድ ሣጥን። ቀበሌው ቤቱን አሸገ።

ከወራት በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ቢሮዬ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«ዶክተር፣ ዘመድ የለውም ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉ?»

ነገሩን ሳጣራ፣ ለሞት ማስረጃው ተብሎ ከካርዱ የተጻፈው ማጠቃለያ የእኔን ሁለት ቃላት እንዳሉ ይዞ ወጥቷል። የሟቹ የወንድም ልጅ ደግሞ ያንን ወረቀት ከሌላ ማስረጃ ጋር አያይዞ ፍርድ ቤት አቅርቧል፤ የወራሽነት ማረጋገጫም አግኝቷል። ጸሐፊው መዝገባቸውን ገለጡልኝ። በሟቹ ስም ሥር ሁለት ስም አለ፤ የሚስትና የአንዲት ሴት ልጅ። ሚስትየው ስለሞቱ ስማቸው በቀይ ተሰርዟል። የልጅቷ ስም አልተሰረዘም።

«እኛ ያልቀበርነውን ሰው አንሰርዝም» አሉኝ።

እስቲ ሕጉን በአጭሩ ልናገር፤ ነገሩ የከበደው በእሱ ምክንያት ነውና። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ኑዛዜ ከሌለ በመጀመሪያ የሚጠሩት ልጆች ናቸው። ልጅ ቀድሞ ከሞተ የእሱ ልጆች በቦታው ይገባሉ። ወደ ታች ማንም ከሌለ አባትና እናት ይጠራሉ፤ እነሱ ከሌሉ በእነሱ በኩል ወንድምና እህት፣ የወንድምና የእህት ልጆች ይመጣሉ። ከዚያ አያቶችና ከእነሱ የተወለዱት፤ በመጨረሻ ቅድመ አያቶችና ከእነሱ የተወለዱት። ሕጉ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም ካልተገኘ በቁጥር 852 መሠረት ውርሱ ለመንግሥት ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ልጅ ካለች የወንድም ልጅ ተራ አይደርሰውም ማለት ነው። ልጅቷ በጋብቻ ውስጥ ትወለድ ከጋብቻ ውጭ ለውጥ የለውም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ይህንኑ ይላል። ብዙዎቻችሁን የሚያስገርማችሁ ሌላው ነገር ደግሞ ባልና ሚስት በሕግ ወራሽ አለመሆናቸው ነው። የትዳር ጓደኛ ከጋራ ሀብቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ የሟቹን ድርሻ ግን የሚያገኘው በኑዛዜ ከተሰጠው ነው። የጡረታ አበል ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ከውርስ ጋር አይቀላቀልም። እናንተ ሳቁ እንጂ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ታስቡታላችሁ።

ወራሽ ነኝ የሚል ሰው በቁጥር 996 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ይህ ማረጋገጫ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከእሱ የቀረበ ወራሽ ብቅ ካለ መቃወም ይችላል። ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። በቁጥር 1000 መሠረት መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቀ ጀምሮ 3 ዓመት አለው፤ ቢያውቅም ባያውቅም ከ15 ዓመት በኋላ፣ ከዘር የመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ በሩ ይዘጋል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ባያውቁም ዋናውን ነገር ያውቁ ነበር፤ «ዶክተር፣ ልጅቱን ቶሎ እናግኛት» አሉኝ።

የት እንደምንፈልጋት ግን አናውቅም። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው፤ የልጄ ሁለተኛ ስም የባለቤቴ ነው። በሦስት ትውልድ ውስጥ ስሙ ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ሰውዬው የዓለም ስም አላቸው፣ የክርስትና ስም አላቸው፣ ሰፈር ያወጣላቸውም ስም አላቸው። ስለ ክብር መዝገብ ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ድንጋጌዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሠራባቸው ቆይተዋል፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ልደቱ የሚገኘው በሰው አፍ ነው። «መቼ ተወለደች?» ስንል «በ77 ድርቅ ማግስት» ይሉናል። ትክክል ነው፤ ቀኑን ብቻ ነው የማናገኘው።

ስለዚህ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄድን። እንዲህ አልኳቸው፤ «አባ፣ ምሥጢር እንዲያወጡ አይደለም የመጣሁት።» ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ኑዛዜውን አልነግርሽም። ክርስትና ስም ግን ምሥጢር አይደለም፤ በየቅዳሴው የምንጠራው ነው» አሉኝ። የእናትየውንና የልጅቷን የክርስትና ስም ነገሩኝ። እናትየው የአንኮበር ሰው እንደነበሩ፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ወርዶ ያለ መንደር እንደሆነም ጨመሩልኝ። እናንተ የሕግ ሰዎች ኑዛዜ ስትሉ የውርሱን ነው፤ እሳቸው ሲሉ የኃጢአቱን ነው። ቃሉ አንድ የሆነው ያለ ነገር አይደለም ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም ሰው ሳይናገረው እንዳይሞት የሚያስፈልገው ነገር ነው።

በአንድ ቅዳሜ ከጸሐፊው ጋር አንኮበር ወረድን። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ገብስ ማሳ፣ ጅባራ፣ ጉም፤ ከዚያ በድንገት መሬቱ ይቆረጥና ቆላው ከእግርህ ሥር ይዘረጋል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ያች ከተማ፣ በሥሯም የነጋዴዎቹ አልዩ አምባ።

በመንገድ ላይ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ፣ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሲመለሱ ሸዋ «የማን ልጅ ነህ?» አላላቸውም። የንጉሥ ልጅ ዘሩ ተጽፏል፤ ይታወቃል። የድሃ ልጅ ግን አሥራ ምናምን ዓመት ከአገር ከወጣች ወራሽነቷን የሚያውቅ የእድር ጸሐፊ ብቻ ይሆናል።

ድሮ ግን ገበሬውም ይቆጥር ነበር። ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለጋብቻ እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። ርስትም ያስቆጥር ነበር። ርስት የሚገባው ሰው ከአቅኚው አባት በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል መውረዱን በዳኛ ፊት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ ከቅድመ አያት አልፎ ምንዥላቱን፣ እንጅላቱን የማያውቅ ሰው መሬት ያጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ያ ክርክር ቀረ። ብዙ ጭሰኛ እፎይ አለ፤ ይህን ማንም አይክድም። የዘር ቆጠራው ግን ያን ጊዜ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ዕውቀት ደግሞ ቀስ ብሎ ይሞታል። ዛሬ ቅድመ አያቱን በስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ ብል ስንቶቻችሁ ናችሁ? … አያችሁ? ሕጉ ግን ቅድመ አያት ድረስ ውረስ ይላችኋል።

ጎረቤላ ደርሰን ጠየቅን፤ ሰው ለሰው እየመራን የእናትየውን እህት አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማስታወሳቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ቡና ሳይፈላ ወሬ አይጀመርም፤ ጠበቅን። ከዚያ ዘሩን ዘረገፉት። እኛ ሐኪሞች የቤተሰብ ታሪክ ስንጽፍ ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ፣ ለሞተ ሰው በላዩ ጭረት እናደርጋለን። ማስታወሻዬን አውጥቼ እንደዚያው ሳልኩት። ተማሪ ሳለን ለፈተና ያጠናነው ሥዕል በእንጨት አግዳሚ ላይ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልጅቷ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቤይሩት ሄዳለች። ደላላው ፓስፖርቷን በሌላ ስም አውጥቶላታል፤ የአባቷ ስም እንኳ የሌላ ሰው ነው፤ ዕድሜዋም ተጨምሯል። ገንዘብ ትልክ ነበር። በኋላ ከአባቷ ጋር ተቀያየሙ፤ በምን እንደሆነ አክስቷ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በ2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ስልኳ ጠፋ። ደብረ ብርሃን ያለው ዘመድ ሞታለች ብሎ ደመደመ። የወንድም ልጁ ውሸታም አልነበረም። ያመነውን ነው የተናገረው። ወሬ መጥፋት ግን ሞት አይደለም። ሕጉ እንኳ ሰው 2 ዓመት ወሬው ሲጠፋ «ጠፍቷል» ተብሎ እንዲወሰን ፍርድ ቤት ይጠይቁ ይላል እንጂ በየቤታችን ቅበሩት አይልም።

አክስትየው ግን «ሞታለች» ብለው አያውቁም ነበር። ከቤይሩት የተመለሰች የጎረቤት ልጅ አለች፤ እሷ ዘንድ ቁጥሯ ተገኘ። በኢሞ ደወልን። ምስሉ እየተቆራረጠ አንዲት ሴት ታየች። እኚያ ሽማግሌ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ሰላም እንኳ ሳይሉ፣ «ክንድሽን አሳይኝ» አሏት። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ያቃጠላት ጠባሳ አለ። እጅጌዋን ሰበሰበች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ የሁላችን ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ጎንደር ተወልደው ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ጋር መቅደላ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው ተለያዩ፤ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በበርማ ሠሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ ቋንቋቸውን ረስተዋል፣ ስማቸው የሰው ስም ነው። አያታቸው ግን መጡ። ያወቋቸውም በሰውነታቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ነው። ሕክምናው፣ ማዕረጉ፣ የእንግሊዝኛ ስሙ ሁሉ ሰውየውን ወደ ቤተሰቡ አልመለሰውም። የመለሰው አንዲት አሮጊት የምታስታውሰው ጠባሳ ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ሌላው ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ግን ማን እንደሆነ ዓለም ሁሉ እያወቀው በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ እስከ ዛሬም ዊንዘር እንደተቀበረ ነው። መታወቅ ብቻውን ወደ ቤት አይመልስም፤ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ «አባቴ ደህና ነው?» አለች።

እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። መጥፎ ዜና እንዴት እንደሚነገር ተምሬያለሁ፣ አስተምሬያለሁም። አትዋሹ፣ አታዘግዩ፣ ግልጽ ሁኑ ብዬ ለተማሪዎቼ የምናገር ሴት ነኝ። አክስትየው ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው «ደህና ነው» አሉ። ዝም አልኩ።

በኋላ ነገሩኝ። «መርዶ በስልክ አይነገርም ልጄ። ብቻዋን፣ በሰው አገር፣ የሰው ቤት ውስጥ ቆማ? ማን ይይዛታል?» ቁጥሩ የተገኘባት ልጅ ቤይሩት ያሉ ጓደኞቿን አገኘች። በአንድ እሑድ ንጋት፣ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ፣ ስድስት ሰባት ሆነው በሯ ድረስ ሄዱ። እዚያው አለቀሱላት፤ ንፍሮ እንኳ ቀቅለዋል አሉ። ስለ ቤቱና ስለ ባንክ ደብተሩ የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው። ወራሽ የሚፈልግ ሰው ይህን ይያዝልኝ፤ ከንብረቱ ወሬ በፊት መርዶ ይዘህ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ የምታደርሰው ሞትን ነው።

ቀጥሎ ያለው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም የእሷ አይደለም። ልጅነቷን ያስረዳው የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ መዝገብ፣ የእድሩ መዝገብና የሰው ምስክር ነው። አባትየው ሞተዋልና በደም ምርመራ እናረጋግጥ ያለም ነበር። ሕጉ ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡና ኅብረተሰቡ እንደ ልጅ ይዟት ነበር ወይ? እድሩ መልሱን በመዝገቡ ይዞ ነበር። እሷ ውክልና ልካ በጠበቃ ቀረበች።

እኔም ተጠራሁ። የሕመምተኛን ምሥጢር በራሳችን ፈቃድ ገልጠን ለማንም አንሰጥም፤ ካርዱ የቀረበው ፍርድ ቤቱ በደብዳቤ ስለጠየቀ ነው። ዳኛው «ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «አዎ፤ ግን ሰውዬው የተናገሩት ይህን አይደለም» ብዬ የሆነውን ተናገርኩ። በሥራ ዘመኔ ስሕተቴን በአደባባይ ያመንኩት ያን ቀን ነው። ቀላል አይደለም። ከችሎት ስንወጣ የወንድም ልጁ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «ዶክተር፣ እኔኮ ያመንኩት እርስዎ የጻፉትን ነው» አለኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ማረጋገጫው ተሻረ፤ ልጅቷ ወራሽ ሆነች። ለቀብሩ ያወጣው ወጪ ተመለሰለት፤ ሕጉ የቀብር ወጪን ከውርሱ ዕዳዎች ሁሉ ያስቀድማል። ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡ። እሷ እስክትመለስ ድረስ እሱ ቤቱን እየጠበቀ እንዲኖርበት ተስማሙ። የተቀያየመችው ከአባቷ ጋር ነበር እንጂ ከአጎቷ ልጅ ጋር አልነበረም። የአባቷን ሙት ዓመት አብረው በስልክ ነው ያሰናዱት።

ባሕር ማዶ ይህ ሥራ ሙያ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር መንግሥት ወራሽ ያልቀረበላቸውን ውርሶች ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣ ነበር፤ ዘር ቆጥረው ወራሽ የሚያገኙና ከድርሻው የሚከፈላቸው ድርጅቶችም አሉ። እኛ አገር ይህን የሚሠሩት የእድር ጸሐፊ፣ የንስሐ አባት፣ ሸኽና አክስት ናቸው፤ ያለ ክፍያ። በጋዜጣ የሚወጣው የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ቤይሩትና ሪያድ አይደርስም። ከእናንተ መካከል በውጭ አገር የምትኖሩ በሁለት በኩል ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ እዚያ አንድ ነገር ብትሆኑ እዚህ ያለው ቤተሰባችሁ ምን እንዳላችሁ አያውቅም፤ ንገሩት። ሁለተኛ፣ «የማታውቀው ዘመድ ሚሊዮን ትቶልሃል፤ ቅድሚያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል መልእክት ሲመጣ አትመኑ። እውነተኛ ውርስ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆ አይመጣም።

ልጨርስ ነው። ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛው ለሐኪሞችና ለነርሶች ነው። ካርድ ላይ ስም ስትጽፉ እስከ አያት ጻፉ። የትውልድ ቦታውን፣ የቅርብ ዘመዱን ስም ጨምሩ። «ቤተሰብ አለዎት?» አትበሉ፤ «ልጅ ወልደው ያውቃሉ? የት ነው ያለችው? ማን ይወቅልዎ?» በሉ። መልሱን ሰውዬው እንደተናገረው ጻፉ። በየገጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ማኅደር ይይዛሉ፤ ለክትባትና ለወሊድ ብለው ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ከተሞላ ከብዙ መዝገብ ይበልጣል። ዛሬ እዚሁ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በተሰየመው የጤና ሳይንስ ግቢ የሚማሩት ልጆቻችን የቤተሰብ ታሪክ የስኳርና የግፊት ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ለሁላችሁም ነው፤ ተናዘዙ። አትደንግጡ፣ ኑዛዜ አይገድልም። በአራት ምስክር ፊት ተነብቦ ወዲያው ከተፈረመ ወይም ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ከተጻፈ ይጸናል፤ አጻጻፉን ከእነዚህ የሕግ ጓደኞቻችን አንዱን ጠይቁ። አልጋ ላይ ሆኖ በቃል «ቤቴ ለእገሌ» ማለት ቤት አያወርስም። በቃል የሚነገር ኑዛዜ ለጥቂት ነገር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ተናዛዡ ከ3 ወር በላይ ከቆየም ይፈርሳል። በጉያችሁ ያሳደጋችሁት፣ በፍርድ ቤት ያልጸደቀ የማደጎ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ። እናንተ «ልጄ» ብላችሁ የጠራችሁትን ልጅ ሕጉ ላያውቀው ይችላል።

ሦስተኛው በጣም ቀላሉ ነው። ወላጅ ያላችሁ፣ አያት ያላችሁ፣ በመጪው በዓል ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የተወለዱበት ቀበሌ፣ ወደ ሌላ አገር የሄደው አጎት፣ ማንም ስሟን የማያነሣት እኅት፤ በተለይ ማንም የማያነሣትን። ወራሽ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በርቀት አይደለም፤ በኩርፊያና በዝምታ ነው። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል፤ ቅዱት። ዛሬ ያለው ሰው ከርሞ ላይኖር ይችላል፤ በሙያዬ ይህን በደንብ አውቃለሁ።

የዚያ ካርድ ግልባጭ አሁንም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይፈቀድም፤ ካርድ ክፍል ነው ያለው። ሁለቱ ቃላት አልተሰረዙም፤ የሕክምና መዝገብ አይሰረዝም። ከሥራቸው ቀኑን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ «ሕመምተኛው የተናገሩት፦ የሚመጣ የለኝም። አንዲት ሴት ልጅ አላቸው።»

ግፊት የሚለካ ካለ ከምሳ በኋላ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ አለሁ፤ ስትመጡ ግን ስማችሁን እስከ አያት ትነግሩኛላችሁ።